ከመመዝገባችሁ በፊት ማሽኑ ላይ ተቀመጡ

ቀኝ እግሬን ልጅ ሆኜ ፖሊዮ ጎድቶታል። የምሄደው በክራንች ነው። የተወለድኩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። ሙያ የተማርኩት ደግሞ ደብረ ብርሃን፣ ልብስ ስፌት። አሁን ከአራት ልጆች ጋር ተደራጅተን እየሰፋን እንተዳደራለን። አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች፣ አንዳንዴም እናቶቻቸው፣ በሰው በሰው ስልኬን እያገኙ ይደውሉልኛል። "የቱን ሙያ ትማር? የቱ ይሆናታል?" ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከማውራት አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

የቱ ሙያ ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ የወደደችውን ትማር። እኔ ብዙ የምናገረው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። የወደዳችሁት ክፍል ሂዱና ማሽኑ ላይ ተቀመጡ። እጃችሁ የት እንደሚደርስ፣ እግራችሁ ምን እንደሚነካ፣ የቱ ጋ እንደምትቸገሩ እዩት። ከዚያ ስትጠይቁ "እርዱኝ" ብላችሁ አታቁሙ። "ይህቺ ብረት ወደ ግራ ትምጣልኝ" በሉ። ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ካወቀ ያደርጋል። ካላወቀ ያዝንላችኋል፣ ከዚያም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ለምዝገባ ኮሌጁ የሄድኩ ዕለት ፎርም የሚያስሞሉት ሰውዬ ክራንቼን አዩና "ላንቺ እንኳ ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው ይሻልሻል፣ ኮምፒውተር ግቢ" አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። ለኔ አስበው ነው። ስፌትም እኮ ቁጭ ተብሎ ነው የሚሠራው። "መጀመሪያ ወርክሾፑን ልየው" አልኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው፤ ግን ፈቀዱ። እናንተም ጠይቁ። ደብረ ሲና ሂዱ፣ ሸዋ ሮቢት ሂዱ፣ ዓለም ከተማ ሂዱ፣ ወርክሾፕ አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም።

ስለ ማሽኑ ትንሽ ላብራራ፤ የኔ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። እናቶቻችን ቤት ያለው ሲንጀር በእግር እየተረገጠ ወይም በእጅ እየዞረ ነው የሚሰፋው። ኮሌጅና ፋብሪካ ያለው ሌላ ነው፤ ሞተር አለው። በደቂቃ እስከ 5,000 ጊዜ የሚወጋ አለ። ከጠረጴዛው ሥር ሰፊ ፔዳል አለ። በጣት በኩል ወደ ፊት ሲጫኑት ይሰፋል። ጠበቅ ሲያደርጉት ይፈጥናል። በተረከዝ ወደ ኋላ ሲጫኑት ይቆማል። አብዛኛው ሰው በቀኝ እግሩ ነው የሚነዳው። ከዚህ ሌላ ቀኝ ጉልበት አጠገብ የተንጠለጠለች ሌላ ብረት አለች። ጉልበት ወደ ጎን ሲገፋት ጨርቁን የሚጫነው የማሽኑ እግር ብድግ ይላል። ሁለቱም እጅ ጨርቁ ላይ እንዲቆይ ነው እንዲህ የተደረገው። ብልሃቱ ግሩም ነው። ለኔ ግን ፔዳሉም ቀኝ፣ ጉልበቱም ቀኝ ሆነብኝ።

የጉልበቱ ነገር ቀላል ነበር። ከማሽኑ ራስ ጀርባ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ትንሽ የእጅ ማንሻ አለ። ሰው ስለማይነካው አቧራ ለብሶ ነበር እንጂ ይሠራል። ኪስ ስሰፋና ጥግ ላይ ጨርቅ ሳዞር ትንሽ ያዘገየኛል። ለመድኩት።

ፔዳሉ ግን ሥራ ጠየቀ። የስፌት አሰልጣኛችን እጄን ይዛ ቀጥሎ ወዳለው የብረታ ብረት ክፍል ወሰደችኝ። እዚያ ያለው ቲቸር ክራንቼን አላየም፤ ወይ አይቶ ዝም አለ። "በየትኛው እግርሽ ነው የምትነጂው?" ብቻ አለኝ። "በግራ" አልኩት። ሜትሩን ይዞ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ልጆቹንም ጠራ። መጀመሪያ ብሎኑን ፈተው ፔዳሉን ወደ ግራ አመጡት። ፔዳሉን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ዘንግ አለ፤ እሱ ተጋደመ። ስረግጠው ከበደኝ። ስለቀውም ቶሎ አይመለስም። ቲቸሩ ሳቀና "ዘንጉ ቀጥ ካላለ ጉልበት ይበላል አላልኳችሁም?" አላቸው። እንደገና ፈቱት። ከፔዳሉ ጎን ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ብረት በየዱበት፤ ዘንጉንም ከዚያ ላይ አስረው እንደ ድሮው ቀጥ አድርገው አቆሙት። ፔዳሉ በግራ ሆነ፤ ዘንጉ ቦታውን አልለቀቀም። ወጪው ጥቂት ኤሌክትሮድና ከጥግ የተነሳ ቁራጭ ብረት ነው። ለልጆቹም የተግባር ልምምድ ሆኖ ነጥብ ተያዘላቸው።

ይህን በዝርዝር የምናገረው ምክንያት አለኝ። ኮሌጅ ውስጥ የሚያስፈልጋችሁ ነገር ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ብየዳ የሚማር አለ፣ እንጨት ሥራ የሚማር አለ፣ ኤሌክትሪክ የሚማር አለ። ሁሉም የሚሠራው ነገር ይፈልጋል። ዝም ብሎ ቆርጦ የሚጥለውን ብረት ለእናንተ ቢበይደው ደስ ይለዋል። እንጨት ክፍል ያሉት ልጆች ለኔ የእግር ማሳረፊያ ሳጥን ሠርተውልኛል። የታመመ እግር ሲንጠለጠል ይውላል፤ ያብጣል፤ ይቀዘቅዛል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ የቀመሰ ያውቀዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኅዳር ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነው የሚያድረው። ወፍራም ካልሲ፣ እሱ ላይ ሌላ ካልሲ።

ግራ እግሬን ማሠልጠኑ ረጅሙ ሥራ ነበር። የድሮዎቹ ሞተሮች ሲረገጡ ድንገት ይነሳሉ። ትንሽ ነካ ሲያደርጓቸው ጨርቁን ይዘው ይሮጣሉ። አዲሶቹ፣ ሰርቮ የሚባሉት፣ ፍጥነታቸው ይወሰናል፤ አንዲት ቁልፍ ይዞራል፣ ወይ ቁጥር ይሞላል። አካል ጉዳት ኖራችሁም አልኖራችሁ ጀማሪ ከሆናችሁ ሰርቮ ያለው ማሽን ላይ አስቀምጡን በሉ። ከሌለ ደግሞ ወረቀት አለ። ክር ሳይገባ፣ በባዶ መርፌ፣ የተሰመረ ወረቀት ላይ መስፋት ነው። መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር፣ ቀጥሎ ጥግ፣ ቀጥሎ ክብ። ቀዳዳዎቹ መስመሩ ላይ ካረፉ ጥሩ ነው። ካልሆነ ሌላ ወረቀት። የተማሪ ደብተር ስንት እንደጨረስኩ አትጠይቁኝ።

አንድ ነገር ሰው ስለሚያፍር አያነሳውም፤ እኔ ላንሳው። ሽንት ቤት። ከመመዝገባችሁ በፊት ሽንት ቤቱን እዩ። ደረጃ አለው? የምትይዙት ነገር አለ? በሩ ክራንች ወይም ዊልቸር ያስገባል? እኛ ጋ ያለው ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ ግድግዳው ላይ ምንም መያዣ አልነበረም። አንድ እግር ላለው ሰው ይህ ፈተና ነው። ሴት ሲሆኑ ደግሞ በየወሩ ሌላ ጣጣ አለ። ሽንት ቤት ላለመሄድ ብለው ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ ልጆች አውቃለሁ። ኩላሊት ላይ ነው የሚያርፈው። ስልጠና አቋርጣ የሄደች ልጅ "ለምን ተውሽው?" ስትባል "ከበደኝ" ትላለች። ሒሳቡ አይደለም የከበዳት፤ ንድፉም አይደለም። እኛ ጋ በኋላ ግድግዳው ላይ ቧንቧ ተበየደ። ያው የብየዳ ልጆች ናቸው።

መስማት የተሳናት ጓደኛዬ አብራኝ ነው የተማረችው። ዛሬም ከአምስታችን አንዷ ናት። ኮሌጁ አስተርጓሚ አልነበረውም። እኛ በምልክት የምናውቀው "ነይ"፣ "እንብላ" እና "ቆንጆ" ብቻ ነበር። አሰልጣኛችን ግን ሁለት ልማድ ያዘች። አንደኛ፣ ወደ ሰሌዳው ዞራ አታወራም፤ ጽፋ ትጨርስና ወደኛ ዞራ ትናገራለች። ጓደኛዬ ከንፈር ማንበብ ትችላለች፤ ጀርባ ግን ማንም አያነብም። ሁለተኛ፣ ሥራውን ከማውራቷ በፊት ሠርታ ታሳያለች። ይህ ለሁላችንም ጠቀመን። እኔ በበኩሌ "ሃያ ሚሊሜትር አጥፋችሁ" ሲባል ከምሰማው ሲታጠፍ ባየው ነው የሚገባኝ።

ጓደኛዬ ማሽኑ ሲበላሽ ከኛ ቀድማ ታውቅ ነበር። መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች። ንዝረቱ ሲለወጥ መርፌው ሊሰበር ነው ወይም ከሥር ክር ተጠምጥሟል ማለት ነው። እኛ ድምፅ ሰምተን ዘወር ስንል እሷ ማሽኑን አጥፍታለች። አንዳንድ ሰው "መስማት የተሳናቸው ማሽን አጠገብ አደጋ አለባቸው" ይላል። አደጋው የሚመጣው ማስጠንቀቂያው በደወል ብቻ ሲሆን ነው። መብራት ይጨመርበት፤ አለቀ።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከት ነው። አሠሪ በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። ለሥራውና ለስልጠናው የሚያስፈልገውን ሁኔታና መሣሪያ የማመቻቸት ኃላፊነትም ይጥልበታል። ከዚህ በላይ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ ነው። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። አንቀጽ 24 የሙያ ስልጠናን ይጨምራል፤ አንቀጽ 27 ሥራን። አንቀጽ 32ን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ እሱን የሚያውቅ ሰው ትንሽ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሕግ ጠቅሼ ያገኘሁት ነገር ትንሽ ነው። ቁጥሩን ማወቄ የጠቀመኝ ለራሴ ነው። ስጠይቅ ድምፄ አይንቀጠቀጥም። የሚጠየቀው ሰው ፊት ግን አዋጁን ሳይሆን ሜትሩን ነው የማወጣው።

በኛ ስልጠና ትልቁ ክፍል የትብብር ስልጠና ነው፤ ተማሪው "አፓረንት" ይለዋል። ደንቡ ሲነገረን 30 በመቶው ኮሌጅ፣ 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ ነው ተባልን። ሐሳቡ በብዛት ከጀርመኖች የመጣ ነው። እዚያ ሙያ የሚማር ወጣት የሳምንቱን ጥቂት ቀን ትምህርት ቤት፣ የቀረውን መሥሪያ ቤት ያሳልፋል። የጀርመን የልማት ትብብር የኛን ሀገር የሙያ ስልጠና ለብዙ ዓመታት ስለደገፈ አሠራሩ ወደኛም ገባ። ጀርመን ግን ሠልጣኙ ከድርጅቱ ጋር ውል አለው፤ ገንዘብም ይከፈለዋል። እኛ ጋ ደብዳቤ ይዘህ በር ታንኳኳለህ።

እኔም አንኳኳሁ። ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ችግር የለባትም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ጨምሯል። የመጀመሪያው ፋብሪካ ክራንቼን አይቶ "ቦታ ሞልቷል" አለኝ። ከኔ ኋላ የነበረችውን ልጅ ግን ተቀበላት። ሁለተኛው ላይ ዘዴ ቀየርኩ። የግራ ፔዳሌን በስልክ ቪዲዮ ቀርጬ ይዤ ሄድኩ። የሸሚዝ አንገት ስሰፋ ያሳያል፤ ሌላ ነገር የለውም። ሱፐርቫይዘሯ አየችውና "ፔዳሉን የሚቀይርልሽ ሰው አለ?" አለችኝ። "አለ" አልኳት። መካኒካቸው ግማሽ ቀን ሳይሞላ ሠራው። ቪዲዮ ቅረጹ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ፊታችሁ ባይታይም ግድ የለም፤ እጃችሁና ስፌቱ ይታይ።

ፋብሪካ ከኮሌጅ ይከብዳል። ሥራው እየተቀባበለ የሚሄድበት መስመር፣ ላይኑ፣ አይጠብቅም። በሰዓት ይህን ያህል ይባላል፤ ከኋላሽ ያለችው ልጅ ያንቺን ቁራጭ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ላይ አልደረስኩም። ሱፐርቫይዘሯ ከአንገት አንስታ ወደ እጅጌ ጫፍ አዛወረችኝ፤ እዚያ ማንሻው ብዙ አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ እኩል ሄድኩ። ከቦታ ቦታ መዞርን እንደ ውርደት የሚያዩ አሉ። ለሰውነታችሁ የሚሄደውን ቦታ እስክታገኙ ዙሩ። ትከሻ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በክራንች የሚሄድ ሰው ትከሻው ቀን ሙሉ ሲሰፋ ውሎ ማታ ደግሞ ሰውነት ይሸከማል። እኔ ለባጃጅ የማወጣውን እንደ ብክነት አላየውም። እሱም የሥራ ዕቃ ነው።

ስለ ሲኦሲ፣ ማለትም ስለ ሙያ ብቃት ምዘናው፣ ብዙዎች ስለሚፈሩ ይህን ልበል። የብቃት ምዘናው ሁለት ክፍል አለው፤ የጽሑፍና የተግባር። የሚመዝነው የራሳችሁ አሰልጣኝ አይደለም። ስለዚህ መዛኙ የእናንተን ሁኔታ አያውቅም። ማመልከቻ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስገቡ። እኔ ፔዳሉ የተስተካከለ ማሽን ላይ እንድመዘን ጠየቅሁ። ጓደኛዬ መመሪያው በጽሑፍ እንዲሰጣት ጠየቀች። ሁለታችንም ተፈቀደልን። በምዘናው ቀን ጠዋት ብንጠይቅ ኖሮ ግን "ዛሬ አይቻልም" ነበር መልሱ፤ ሰዎቹ መጥፎ ስለሆኑ ሳይሆን ማሽን በአንድ ጠዋት ስለማይፈታ።

ጤናና መንፈስ ላይ ምን አመጣ ብትሉኝ፣ ብዙ አመጣ። ሙያ ሳልይዝ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ "ምስኪን፣ ዓይኗ እንዴት ያምራል" ይላል። ስለ ዓይኔ ማንም ሳይጠይቀው። አሁን መሐል ሜዳ ስሄድ እትዬ እገሌ ቀሚሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። "እስቲ ይቺን ወገቧን አጥብቢልኝ" ይላሉ። ስለ ዓይኔ አያወሩም። አጎቴማ ሱሪ አሳጥሬለት ሒሳብ ስጠይቀው ደነገጠ። "የዘመድ ይከፈላል እንዴ?" አለ። "ክሩ በዘመድ አይመጣም ጋሼ" አልኩት፤ ከፈለ። እንቅልፌ ተስተካክሏል። ጠዋት የምነሳበት ነገር አለኝ። እነዚህን ነገሮች ማንም አላስተማረኝም፤ ከሥራው ጋር ነው የመጡት። ከክፍል ልጆች ጋር የጀመርነው ትንሽ ዕቁብ ደግሞ ከምክር ሁሉ በላይ ጠቅሞኛል። የመጀመሪያውን መቀስ የገዛሁት ዕቁብ ሲደርሰኝ ነው። ጥሩ መቀስ።

አሁን ወደ አንቀጽ 32። ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር ነው። ሀገራት ተረዳድተው የሚሠሩት የልማት ሥራ ለአካል ጉዳተኞችም ክፍትና ተደራሽ ይሁን ይላል። ይህን ያነበብኩት አንድ ከውጭ የሚደገፍ ፕሮጀክት ስለ በራስ መተማመን ሊያሠለጥነን የጠራን ጊዜ ነው። አዳራሹ ፎቅ ላይ ነበር። አሳንሰር የለም። ውሃና ብስኩት አለ፣ አበል አለ፣ ባነር አለ። እኔን ሁለት ልጆች ተሸክመው አወጡኝ። ከዚያ ቁጭ ብዬ በራስ መተማመን ተማርኩ። ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። በሻይ ሰዓት ለአስተባባሪዋ አንቀጹን ከስልኬ ላይ አሳየኋት። ደንግጣ ነው መሰለኝ በማግስቱ ስልጠናው ወደ ምድር ቤት ወረደ። ፕሮጀክት ሲመጣ በምስጋና ብቻ አትቀበሉት። ቦታው የት ነው፣ አስተርጓሚ አለ ወይ፣ ሽንት ቤቱስ፣ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። የፈረሙትን ነው የምትጠይቋቸው።

ፕሮጀክቱ ማሽንም ሰጠ። አብረቅራቂ፣ ክር በራሱ የሚቆርጥ፣ ስክሪን ያለው። ግሩም ነበር፣ መብራት እስኪዋዥቅ ድረስ። የኛን መብራት ታውቁታላችሁ፤ ይጠፋል፣ ሲመጣ ደግሞ ጨምሮ ይመጣል። የሁለቱ ቦርድ ተቃጠለ። መለዋወጫ ሀገር ውስጥ አልተገኘም። ማሽኖቹ ላስቲክ ለብሰው ጥግ ያዙ። የድሮዎቹ ሞተሮች ግን ሰፈር ባለ ኤሌክትሪሺያን ሽቧቸው እንደገና ተጠምጥሞ ይሠራሉ። እርዳታ ሲሰጣችሁ ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለ መለዋወጫው ጠይቁ። ማን ይጠግነዋል? ስታቢላይዘር አብሮ ይመጣል? መጽሐፉ በምን ቋንቋ ነው?

ከዚሁ ፕሮጀክት የተጠቀምኩበትን ደግሞ ሳልናገር አልቀርም። አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ባለሙያ ከጀርመን መጥተው ለጥቂት ጊዜ አብረውን ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ያሳለፉ ናቸው። አማርኛ አያውቁም። አስተርጓሚው ስለ ጨርቅ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን የሚናገሩት ለማንም አልገባም፤ ከጓደኛዬ በስተቀር። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው እጅ ስታነብ ነው የኖረችው። እሳቸው እጃቸውን ሲያሳዩ እሷ ትሠራለች፤ እኛ እሷን አይተን እንሠራለን። ካስተማሩን ሁሉ የማልረሳው ትንሿን ነው። ከመርፌው አንድ ሴንቲ ሜትር በቀኝ በኩል ማሽኑ ላይ ቀጭን ፕላስተር ደራርበው ለጠፉ። የጨርቁ ጫፍ ፕላስተሩን እየታከከ ከሄደ ስፌቱ አይጣመምም። ስለሚደራረብ ደግሞ በጣት ይዳሰሳል፤ ዓይኗ የሚደክም አንዲት ልጅ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ላይ አቀርቅራ መስፋት ተወች። ዋጋው ከቁጥር የማይገባ ፕላስተር ነው።

እሳቸው ደግሞ ከኛ ባና ተማሩ። መንዞች ሁሌ የምንለብሰው፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ልብስ ነው። ሴቷ በእንዝርት ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ሽማግሌው አንዱን ይዘው ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ ክብደቱን ገመቱ፣ ሊገዙት ፈለጉ። እኛም ባናን ለሌላ ሥራ ማየት የጀመርነው ያኔ ነው። ዛሬ ከምንሰፋው ግማሹ ከሱ ነው፤ የትራስ ልብስ፣ ቦርሳ፣ የወንበር ምንጣፍ። ሞክራችሁ መርፌ እየሰበረ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ለሸሚዝ የምትጠቀሙበትን ቁጥር 14 አውጡና 18 አስገቡ። ስፌቱን አስረዝሙ፣ ክሩን ላላ አድርጉ። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው፤ ገላ ላይ የሚለበስ ሹራብ ልሥራበት ብላችሁ አትድከሙ። ስታጥቡት በለብታ ውሃ፣ ሳትፈትጉ። ከፈተጋችሁት ይኮማተርና እንጀራ ምጣድ የሚያህለው ሳህን ያክላል።

መደራጀት ላይ ብዙ አልልም፤ የየወረዳው ጣጣ ይለያያል። ሼድ ሲሰጣችሁ ግን በሩን እዩ። እኛ መጀመሪያ የተሰጠን ደረጃ ነበረው፤ ከጎን ካሉት እንጨት ሠሪዎች ጋር ተነጋግረን ሼድ ተቀያየርን። ዋጋ ስታወጡ ደግሞ የጨርቁንና የክሩን ብቻ አትደምሩ፤ የሰዓታችሁን አስገቡ። እኔ ከሌላው ትንሽ ቀርፋፋ ነኝ። ስለዚህ ፈጥኖ የሚሸጥ ሥራ አልይዝም፤ ጥንቃቄ የሚፈልገውን እይዛለሁ።

ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት ፕሮጀክቱ "ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?" ብሎ ጠየቀን። አዲስ ማሽን አላልንም። የጥገና ስልጠና ለሁለት ሴቶች፣ ከአንድ ሳጥን መለዋወጫ ጋር ነው ያልነው። ስልጠናው ተሰጠ፤ ሳጥኑ ግማሹ መጣ። ከሠለጠኑት አንዷ ጓደኛዬ ናት። ከተቃጠሉት ማሽኖች አንዱን ቦርዱን አስወጥታ ተራ ሰርቮ ሞተር ገጥማበት አስነስታዋለች። ስክሪኑ አይበራም፤ ይሰፋል። ገበያ ውስጥ ማሽን የሚበላሽባቸው ልብስ ሰፊዎች አሁን የሚጠሩት እሷን ነው። የፈለጋችሁ ቴክስት ላኩላት። አሁንም የሚደውል አለ፤ ከዚያ ለኔ ደውሎ "ስልክ አታነሳም" ብሎ ይከሳታል።